የዶክትሬት መርሐ ግብር በምን ይመዘናል? የጤና አገልግሎት ምርምር ዘርፍ እንደ ማሳያ

የጤና አገልግሎት ምርምር የሕክምና ተቋማትን የሚመዝንበት ስልት የራሱን የዶክትሬት መርሐ ግብር ለመመዘንም ያገለግላል። አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናታዊ ጽሑፍ የሕክምና ጥራት ከመዋቅር፣ ከሂደትና ከውጤት አንጻር እንደሚገመገም አስረድተዋል። በዶክትሬት ትምህርት መዋቅር የሚባሉት መምህራን፣ የምርምር በጀትና ለጥናት የሚውሉ መረጃዎች ናቸው፤ ሂደቱ የትምህርቱ አሰጣጥና የአማካሪው ክትትል ነው። ውጤቱ ደግሞ ተመራቂው የምርምር ጥያቄ ራሱን ችሎ መቅረጹ፣ ተገቢውን የጥናት ስልት መምረጡና ግኝቱን ለፖሊሲ አውጪዎች ማስረዳት መቻሉ ነው። በአሜሪካ የዘርፉ ምሁራን ለዶክትሬት ትምህርት 14 መሠረታዊ ብቃቶችን መለየታቸው ይህንኑ ውጤት ለመመዘን መነሻ ይሆናል።

ግምገማው በተመራቂዎችና በኅትመቶች ብዛት ላይ ብቻ ከተወሰነ ግን ትምህርታቸውን ያቋረጡት ተማሪዎች ከስሌቱ ይወጣሉ። ከሆስፒታል ድነው የወጡትን ሕሙማን ብቻ በመጠየቅ ስለ ሕክምናው ጥራት መፍረድ እንደማይቻል ሁሉ፣ ተመራቂዎችን ብቻ በመጠየቅም ስለ መርሐ ግብሩ መፍረድ አይቻልም። ስለሆነም ግምገማው በአንድ ዓመት የተመዘገቡትን ተማሪዎች ሁሉ ከመነሻው መከታተል፣ ያቋረጡትም በየትኛው ደረጃና በምን ምክንያት እንደወጡ መመርመር ይኖርበታል። የበጀት እጥረት ከሆነ ጉድለቱ የመዋቅር ነው፤ የአማካሪ ክትትል ማነስ ከሆነ የሂደት ነው። መፍትሔውም እንደ ጉድለቱ ዓይነት ይለያያል።