የጓሮ አትክልት መደብን ከመስከረም በፊት ስለ ማዘጋጀት

«ጎመን በጤና» የሚለው አባባል በአገራችን የታወቀ ነው። ነገር ግን ጎመኑ ራሱ ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁልጊዜ አይታሰብም። እህል ጉልበት ይሰጣል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ሰውነት በሽታን እንዲቋቋም ያግዘዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቀዝቀዝ ላለው የመዝሪያ ወራት የጓሮ አትክልት መደብ እንዴት እንደሚሰናዳ እንገልጻለን።

በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ዱስ የምትባል የካራ ሕዝብ መንደር አለች። የካራ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው የወንዙን ሙላት ጠብቆ ነበር። በደጋው የጣለው የክረምት ዝናም ወንዙን ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽም በእርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራበት ነበር። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረና በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ አካሄድ ተለውጦ ሙላቱ እንደ ቀድሞው መምጣቱ ቀርቷል።

ያ ሙላት ለገበሬው ሦስት አገልግሎት ይሰጠው ነበር። አንደኛ፣ መሬቱን ያረሰርስለት ነበር፤ ሁለተኛ፣ ለም ደለል ያመጣለት ነበር፤ ሦስተኛ፣ የመዝሪያውን ጊዜ ያስታውቀው ነበር። እንግዲህ ዛሬ በጓሮው አትክልት የሚያለማ ሰው እነዚህን ሦስቱን በገዛ እጁ ማሟላት ይኖርበታል።

ስለ ውሃው፦ ዱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች የምትገኝ ሞቃት ቆላ ስለሆነች ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ይደርቅባታል። በዚያ የሚስማማው ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር የሆነ ጎድጓዳ መደብ ነው። ይህን የሚያህል መደብ በሙቀት ጊዜ በቀን 20 ሊትር ያህል፣ ማለት አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ የመደቡ ቁጥር በቦታው ስፋት ሳይሆን በሚገኘው ውሃ ልክ ይወሰን። አዞ ካለበት ወንዝ ውሃ የሚቀዱት እናቶችና ልጃገረዶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ሳሙና ያልበዛበት የዕቃ እጣቢም ለመደቡ ይጠቅማል። የፈሰሰው ውሃ በዕለቱ ካልሰረገ ግን የወባ ትንኝ እንዳይራባበት መጠኑ ይቀነስ፤ የውሃ በርሜልም ይከደን። ዝናም በሚበዛባት በጂንካ ግን ሥሩ እንዳይበሰብስ መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

ስለ ዐፈሩ፦ ደለል በቀረበት ስፍራ ብስባሽ ይተካዋል። በሰኔ ጉድጓድ ቆፍሮ ደረቅ ሣር፣ እርጥብ ቅጠል፣ የፍየል በጠጥና ዐፈር በተራ መደርደር፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ በየወሩም ማገላበጥ ነው። በሦስት ወር ያህል ጠቁሮ የዐፈር ሽታ ሲያወጣ ደርሷል። የሰው ዓይነ ምድር ግን ከቶ አይጨመርበት፤ የወስፋት እንቁላል በዐፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና።

ስለ ጊዜው፦ ወንዙ ያስታውቅ የነበረውን አሁን የቀን መቁጠሪያ ያስታውቅ። የቆላው ሙቀት ከታኅሣሥ በኋላ ስለሚበረታ፣ መደቡ በነሐሴ ተቆፍሮ ዘሩ በመስከረም ቢዘራ የጥቅምትና የኅዳር አነስተኛ ዝናም ያግዘዋል። ለጋው ችግኝ ከቀትር ፀሐይ በሣር ጥላ ይከለል፤ በሥሩም ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ። ለዱስ ዱባ፣ ባሚያና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች ይስማማሉ፤ በአጥሩም ጥግ ድርቅ የሚችለው ሽፈራው ይተከል። ለጂንካ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ይሆናሉ።

ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ካሮትና ብርቱካንማው ስኳር ድንች ለሰውነት ቪታሚን ኤ ያስገኛሉ። ይህ ቪታሚን የጎደለው ሕፃን ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ይኸውም ዳፍንት የሚባለው ነው። ኩፍኝና ተቅማጥም ይጠኑበታል። ቅጠሉ በጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ቢሠራ ቪታሚኑ ከሰውነት ጋር ይበልጥ ይዋሐዳል። ሆኖም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቪታሚን ኤ በዚህ ምክንያት አይቅር።

የጓሮ መደብ የቀረውን የማሽላ እርሻ ይተካል አንልም፤ የሦስት ሜትር መደብ ቤተሰብን በእህል አያጠግብም። ነገር ግን የሕፃኑ ገንፎ ያለ ቅጠል እንዳይቀርብ ያደርጋል። ስለዚህ መምህራን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ የብስባሽ ጉድጓድ ቢያዘጋጁና በክረምት የሚያገላብጠው ሰው ቢመድቡ፣ በመስከረም ሲመለሱ ለመዝራት የደረሰ ብስባሽ ይጠብቃቸዋል። ተማሪውም በትምህርት ቤቱ በእጁ የሠራውን ለእናት ለአባቱ ያሳያል።