የተቀደደና የተተረተረ፦ ስለ መኪና የውስጥ ክፍል ጥገና ቃላት

የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የዕቃዎች ስም ነው። ለዚህ ዕቃ ምን የአማርኛ ስያሜ ይገኝለታል? ከውጭ ቋንቋ እንዳለ ይወሰድ ወይስ አዲስ ቃል ይፈጠርለት? እያለ ይጨነቃል። ይህ ተገቢ ጥያቄ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን የጥገና መመሪያ የሚያነብ ሰው እጁን የሚያንቀሳቅሰው በስሙ ሳይሆን በግሡ ነው። ግሡ የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ የዕቃው ስም ምንም ያህል የጠራ ቢሆን ሥራው ይበላሻል። ይህን ለማስረዳት የመኪናን የውስጥ ክፍል ጥገና ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

አንድ ባለመኪና ወደ ባለሙያ ሳይሄድ በገዛ እጁ አዲስ ሬዲዮ ሲገጥም፣ ድምፅ ማጉያ ሲተክል፣ ለኋላ ማያ ካሜራ ሽቦ ሲዘረጋ ወይም የወንበር ልብስ ሲለውጥ፣ ሊያሻሽለው ያሰበውን ክፍል ሳያስበው ሊጎዳው ይችላል። ክሩስኮቱ ይጫራል፤ የበሩ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ካቻቪቴው አምልጦ ወንበሩን ይቀዳል፤ የሽቦ መበየጃው ምንጣፉን ያቃጥላል። ሊኳሉ ሲሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ መመሪያውን ገልጦ «የተበላሸውን ክፍል ይጠግኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢያገኝ፣ መስፋት፣ ማጣበቅ፣ መድፈን ወይም አውጥቶ መለወጥ እንደሚገባው ሊያውቅ አይችልም።

1. የቃላቱ ምንጭ

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከሙያው ቃላት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቪቴና ክሩስኮት፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የወረራ ዘመን ለመስፋፋታቸው ዐይነተኛ ምክንያት ሆኗል። እነዚህ ቃላት በጋራዥም በመንገድም የታወቁ ስለሆኑ በአዲስ ስያሜ ለመተካት መድከም አያስፈልግም እንላለን።

የውስጡ ክፍል ግን ከሞተሩ ይለያል። በውስጡ ያለው ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ስፖንጅ፣ ምንጣፍና ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ሙያው ከመካኒኩ ይልቅ ለልብስ ሰፊውና ለኮርቻ ሠሪው ይቀርባል። ለእነዚህ ሙያዎች ደግሞ አማርኛ የቆየና በሚገባ የተለየ የቃላት ሀብት አለው። ተርጓሚው ቃል ፍለጋ መሄድ ያለበት ወደዚሁ ነው።

2. ስለ መክፈት

ከጉዳቶቹ አብዛኞቹ የሚደርሱት ሽፋን ሲነሣ ነው። በዚህ ረገድ አራት ግሦችን መለየት ይገባል። «ፈታ» በብሎን ለታሰረ ነገር ነው። «ነቀለ» ገብቶ ለተሰካ ነገር፣ ለምሳሌ ለሽቦ ሶኬት ነው። «ፈለቀቀ» ዙሪያውን ተጣብቆ ወይም ተቆንጥጦ የተያዘን ነገር ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው። «ገነጠለ» ግን የሥራ ሳይሆን የጉዳት ግሥ ነው፤ መያዣው ሳይለቅ አካሉ መቆረሱን ያመለክታል።

የበር ሽፋን በብሎንም በክሊፕም ይያዛል። እንግዲህ መመሪያው «ሽፋኑን ይንቀሉ» ካለ፣ አንባቢው በአንድ ጊዜ ይስበውና የክሊፑን መቀመጫ ይገነጥላል። «አስቀድመው የተደበቁትን ብሎኖች ይፍቱ፤ ከዚያም ሽፋኑን ከዳር ጀምረው ይፈልቅቁ» ቢል ግን እጁ ትክክለኛውን ሥራ ይሠራል። ለዚሁ ተግባር ለሚያገለግለው ከፕላስቲክ ለተሠራ መሣሪያም «መፈልቀቂያ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን።

3. ስለ ጉዳት

በጠንካራ አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት መለያው ጥያቄ «ከአካሉ የጎደለ ነገር አለን?» የሚል ነው። «ጭረት» ፊቱን ብቻ የነካ ነው። «ስንጥቅ» አካሉን የከፈለ፣ ነገር ግን ምንም ያላጎደለ ነው። «ሽንቁር» አካሉ ጎድሎ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። በመሆኑም ጭረት ይለሰልሳል ወይም ይቀባል፤ ስንጥቅ ይጋጠማል፤ ሽንቁር ይደፈናል።

በጨርቅና በቆዳ ላይ ደግሞ «ተቀደደ» እና «ተተረተረ» ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የተተረተረ ወንበር የሄደው ክሩ ብቻ ነው፤ ጨርቁ ጤናማ ስለሆነ በነበረው የመርፌ ቀዳዳ ተመልሶ ይሰፋል። የተቀደደ ወንበር ግን የተጎዳው ራሱ ጨርቁ ወይም ቆዳው ነው። ቆዳ ከሆነ በቅዱ ጠርዝ ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ መደርደር ጠርዙን አድክሞ እንደገና እንዲቀደድ ያደርገዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች እራፊ ከሥሩ አስገብተው በማጣበቂያ ይይዙታል። ይህን «ከሥር መጣፍ» ብንለው፣ እራፊውን ከላይ ከሚያኖረው «መለጠፍ» ይለያል። «ደረተ» ደግሞ በጥፍ ላይ ጥፍ መደራረብን ስለሚያመለክት፣ ለመልካም ሥራ የሚሰጥ ግሥ አይደለም።

4. ስለ ፕላስቲክ ጥገና

በብዙ መኪናዎች የፕላስቲኩ ዓይነት በሽፋኑ ጀርባ በምሕፃረ ቃል ታትሞ ይገኛል። ከሚዘወተሩት መካከል ኤ.ቢ.ኤስ. እና ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ፒ.ፒ.፣ ይገኙበታል። የመጀመሪያው በአሴቶን ይሟሟል። ስለዚህ የዚያኑ ዓይነት ፕላስቲክ ፍቅፋቂ በአሴቶን አሟሙቶ ሊጥ በማድረግ ስንጥቁን ከጀርባ መጋጠም ይቻላል። ሁለተኛው በአሴቶን አይሟሟም፤ ተራ ማጣበቂያም አጥብቆ አይዘውም፤ የሚጋጠመው በሙቀት ቀልጦ ነው።

እዚህ ላይ «ማጣበቅ» የሚለው ቃል አይበቃም። ማጣበቅ በሁለት አካላት መካከል ሌላ ነገር፣ ኮላ ወይም ማስቲሽ፣ ማስገባት ነው። ከላይ በተገለጹት ሁለት ዘዴዎች ግን ጠርዞቹ ራሳቸው ተዋሕደው አንድ አካል ይሆናሉ። አማርኛ ይህን ተግባር ለብረት «በየደ» ይለዋል። ስለዚህ ፍችውን አስፍተን «በአሟሚ መበየድ» እና «በሙቀት መበየድ» ብንል ትርጉሙ ሳይዛባ ሁለቱ ዘዴዎች ይለያሉ።

ለተርጓሚ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ማበጀት የታወቀ ዘዴ ነው። በዚህ ቦታ «ይብሱ» የሚለው ትእዛዝ የጥገና እንጂ የጥፋት ትእዛዝ አይደለም፤ ተርጓሚው ስሕተት መስሎት እንዳያስቀረው ያስፈልጋል።

5. ስለ ጣሪያው ገበር

ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ክፍል «ኮርኒስ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ኮርኒስ የቤትን እንጂ የዚህን አሠራር አይገልጽም። ይህ ክፍል በብዙ መኪናዎች ጠንካራ ሰሌዳ፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያም ጨርቅ ያለው ነው። ስለዚህ ከካፖርት ገበር ጋር አመሳስለን «የጣሪያ ገበር» እንለዋለን። ጨርቁ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ያረጀው ስፖንጁ ነው፤ ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል። በዚያ ላይ ማስቲሽ ቀብቶ ጨርቁን መመለስ ከንቱ ነው። መመሪያው «ይለጥፉ» ከማለቱ በፊት «አሮጌውን ስፖንጅ ይፋቁ» ማለት አለበት።

6. ጥገና የሚከለከልበት ቦታ

የቃላት መለየት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የአየር ከረጢት ባለበት ክፍል ነው። በአደጋ ጊዜ ከረጢቱ የሚወጣው ሽፋኑ በተወሰነለት መስመር ሲከፈት ነው። በወንበር ጎን የተቀመጠ ሲሆን ደግሞ፣ በብዙ ሞዴሎች የወንበሩ ስፌት በዚያ ቦታ እንዲተረተር ሆኖ ይሠራል። ይህን መስመር «የመተርተሪያ ስፌት» ብለን እንሰይመዋለን። በዚህ ስፍራ በጠንካራ ክር መስፋት፣ ከሥር መጣፍም ሆነ ሽፋኑን በማጣበቂያ መዝጋት ከረጢቱን ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ትእዛዝ «ይለውጡ» እንጂ «ይጠግኑ» አይደለም። በአካባቢው ከመሥራት አስቀድሞም የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ፈትቶ አምራቹ የወሰነውን ጊዜ መጠበቅ ይገባል። ተርጓሚው ሁለቱን ግሦች ቢያለዋውጥ ስሕተቱ የቋንቋ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከላይ እንዳየነው፣ ያቀረብናቸው ስያሜዎች ማለትም መፈልቀቂያ፣ ከሥር መጣፍ፣ በአሟሚ መበየድ፣ በሙቀት መበየድ፣ የጣሪያ ገበርና የመተርተሪያ ስፌት፣ ሁሉም ከታወቁ ቃላት የተገኙ ናቸው። እነዚህን ከመቀበል በፊት ግን ወንበር በሚሰፋባቸውና መኪና በሚጠገንባቸው ስፍራዎች ሊፈተኑ ይገባል። ባለሙያው የተሻለ ቃል ካለው የእኛ ሐሳብ ለእርሱ ቦታውን ይልቀቅ። አንባብያንም በየአካባቢያቸው የሚሰሙትን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።