ከግዛቱ ኮድ በላይ ከተማው ምን ይጨምር?

በካሊፎርኒያ ግዛት የሕንፃ ኮድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። «ታይትል 24» የሚባለው ይህ ሰነድ የምሰሶውን ጥንካሬ፣ የደረጃውን ስፋት፣ የጣሪያውን ክዳንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁሉ ይወስናል። የቅርቡ እትም ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። እትሙ ከታተመ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት በየከተማው ምክር ቤት ያው የቆየ ክርክር ይነሣል፤ ኮዱ እንዳለ ይጽደቅ ወይስ የከተማው ማሻሻያ ይታከልበት?

ምክር ቤቱ ምንም ሳይወስን ቢቀር እንኳ የግዛቱ ኮድ ከተማውን ያስገድዳል። ስለዚህ ክርክሩ ከግዛቱ በላይ ምን ይጨመር በሚለው ላይ ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ በሩን ጠበብ አድርጎ ከፍቶታል። ከተማው ኮዱን ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይችልም። ሲያጠብቅም የአየር ንብረቱ፣ የምድሩ ባሕርይ ወይም የመሬቱ አቀማመጥ እንዳስገደደው በጽሑፍ ማስረዳትና ሰነዱን ለግዛቱ የሕንፃ ደረጃዎች ኮሚሽን ማስገባት አለበት። እስኪያስገባ ድረስ ማሻሻያው አይጸናም። ይህ ግዴታ ተገቢ ነው። በአሥር ከተሞች የሚሠራ ተቋራጭ አሥር ዓይነት ደንብ ሲገጥመው ወጪው በመጨረሻ በቤት ገዢውና በተከራዩ ላይ ያርፋል፤ ለእያንዳንዱ ልዩነት ምክንያት መጠየቁ ነዋሪውንም ይጠቅማል።

የግዛቱና የከተሞቹ የሥራ ክፍፍል መልክ የያዘው በአደጋ ማግስት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933 ከቀትር በኋላ፣ ወደ 12 ሰዓት ሲቃረብ፣ ሎንግ ቢች የተባለችው ከተማ በርዕደ መሬት ተመታች። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በርካታ የጡብ ትምህርት ቤቶችም ፈራረሱ፤ ደግነቱ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። መንቀጥቀጡ በትምህርት ሰዓት ቢደርስ ኖሮ ስንት ልጅ ያልቅ እንደነበር ያላሰበ ወላጅ አልነበረም። በወሩ «ፊልድ አክት» የተባለው ሕግ ወጥቶ የትምህርት ቤቶች ግንባታ በግዛቱ ቁጥጥር ሥር ገባ። ቀጥሎ የመጣው «ራይሊ አክት» ደግሞ ከተሞችና ካውንቲዎች የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት እንዲኖራቸው አስገደደ።

እሳትም የራሱን ምዕራፍ አስጽፏል። በ1991 በኦክላንድ ኮረብቶች የተነሣው ቃጠሎ 25 ሰዎችን ገደለ፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ቤቶችንም አወደመ። በ2008 ግዛቱ ለሰደድ እሳት በተጋለጡ አካባቢዎች አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ እሳት የሚቋቋም ጣሪያና ግድግዳ እንዲጠቀም፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹንም የእሳት ፍንጣሪ በማያሳልፍ ወንፊት እንዲሸፍን ደነገገ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓራዳይዝ የምትባለው ከተማ ተቃጥላ 85 ሰዎች አለቁ። ከ2008 ወዲህ ከተሠሩት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ሲተርፉ፣ ከዚያ ቀደም ከተሠሩት የተረፉት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም።

ይህ ቁጥር የኮዱን ጥቅም ያሳያል፤ ድክመቱንም አብሮ ያሳያል። ኮዱ በዋናነት የሚገዛው አዲስ የሚገነባውን ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚኖረው በአሮጌ ቤት ነው።

«ትንሿ ኢትዮጵያ» የምትገኝባት ሎስ አንጀለስ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። በ1994 ንጋት ላይ የኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት ሲደርስ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ብቻ 16 ሰዎች ሞቱ። ከምድር ቤቱ ከፊሉ መኪና ማቆሚያ ስለነበር በቂ ግድግዳ አልነበረውም፤ የላዩ ፎቅ ታችኛው ላይ ተደረመሰ። ከተማዋ በዚህ ዓይነት የተሠሩ የእንጨት ሕንፃዎች እንዲጠናከሩ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። ደንቡ የሚነካቸው ሕንፃዎች ወደ 13,500 ይጠጋሉ። ያዘገየው ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ነበር፤ በኋላ አከራዩ ግማሹን ከተከራዮች ላይ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያስመልስ ተፈቀደለት። ለዝቅተኛ ገቢ ተከራይ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ቢሆንም ከተማ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ ይህን ያህል ሕይወት ሊያድን የሚችል ጥቂት ነው።

የከተሞች ሥልጣን በሌላ አቅጣጫም ተፈትኗል። በርክሌይ በ2019 አዳዲስ ሕንፃዎች የጋዝ መስመር እንዳይዘረጋባቸው ስትከለክል በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። የግዛቱ የምግብ ቤቶች ማኅበር ከሰሳት፤ በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡ ከፌዴራል የኃይል ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

አሁን ደግሞ ከተማው ምን ይጨምር የሚለው ጥያቄ ራሱ ለዓመታት እንዲቆይ ተደርጓል። በጁን 2025 የወጣው «ኤቢ 130» የተባለ ሕግ ግዛቱም ሆነ ከተሞች ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 1 ቀን 2031 በመኖሪያ ቤት ኮድ ላይ አዲስ ግዴታ እንዳይጨምሩ፣ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ ይከለክላል። ምክንያቱ የቤት ዋጋ መናር ነው፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች በሰደድ እሳት ወድመው መልሶ ግንባታው ገና በመጀመሩም ጭምር ነው። ቤት ያጣ ሰው በየጊዜው ደንብ እንዳይቀያየርበት መፈለጉ ፍትሐዊ ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው እገዳ ግን ረጅም ነው። ለአስቸኳይ የደኅንነት ጉዳይና ቤትን ከእሳት ለመከላከል በር መተዉ መልካም ነው። የራሳቸውን ማሻሻያ ቀድመው ያስመዘገቡ ከተሞችም ይዘውት መቀጠል ይችላሉ፤ ያላስመዘገቡት ከእነዚህ ልዩ ጉዳዮች ውጭ እስከ 2031 መጠበቅ አለባቸው።