ከባሕር ጠልቀው ሲወጡ ወደ ደጋ አይቸኩሉ

ለገናና ለጥምቀት ከሄሰልቢ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ የሱቅና የታክሲ ባለቤቶች፣ ጥቂት ቀን ከፍለው ጂቡቲ ላይ ባሕር ለማየት ቢያስቡ ወቅቱ ይመቻቸዋል። ከዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ነው። ከጂቡቲ ከተማ ማዶ ባሉት በሙሻና በመስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ደግሞ የኮራል ሪፍ አለ። ይሁን እንጂ ዝግጅቱ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ እዚሁ መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። የስዊድን ፓስፖርት ይዞ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ ጂቡቲ ደርሶ ሲመለስ ያ ቪዛ አያስገባውም። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል። የጂቡቲ ቪዛ ለብቻው ነው። ፍሬምሊንግስፓስ ያለው ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ኤምባሲዎቹን ይጠይቅ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ግን ለትውልድ አገር አያገለግልም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ሊጠየቅ ስለሚችል አብሮ ይያዝ።

ቀጥሎ ልምምዱ ነው። የውሃ መነጽር ሲገዙ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ያስቀምጡና በአፍንጫ አየር ይሳቡ፤ ተጣብቆ ከቀረ ልክዎ ነው። በመተንፈሻ ቱቦ መተንፈስንና የገባውን ውሃ በትንፋሽ መግፋትን በሰፈር መዋኛ ገንዳ ይለማመዱ። በአየር ሲሊንደር ለመጥለቅ ያሰበ ግን ትምህርቱን ወስዶ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ የጀማሪ ወሰን 18 ሜትር ነው። አስም፣ የልብ ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ጉንፋን እያለ መጥለቅ የጆሮ ታምቡርን ሊበሳ ይችላል። በሲሊንደር እየተነፈሱ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ትንፋሽ መያዝ ሳንባን ይጎዳል።

ለእኛ አገር ተጓዥ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት የመመለሻው ጉዳይ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የአየር ግፊቱ ከመሬት ላይ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ግፊት የተነፈስነው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይወጣና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ አልፎም ሽባነት ያመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። «በባቡር ወይም በመኪና እሄዳለሁ» ማለትም አያድንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚያ መውጣት አውሮፕላን ላይ እንደመሳፈር ይቆጠራል። የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ጂቡቲ ከተማ በየብስ ያሳልፉ። በቱቦ እየተነፈሰ ከውሃው ገጽ ላይ ብቻ የሚዋኝን ሰው ይህ አይመለከተውም።

የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ሲታመም ገቢውም ይቆማል። በኤንሺልድ ፊርማ ለሚሠራ፣ ሌላ ካልመረጠ በስተቀር፣ ፎርሴክሪንግስካሳን የመጀመሪያዎቹን 7 የሕመም ቀናት አይከፍልም። ጆሮው የተጎዳ የታክሲ ሾፌር ከዚያ በላይ ከሥራ ሊውል ይችላል። የስዊድን የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የጉዞውን የመጀመሪያ 45 ቀናት ይሸፍናል፤ ሆኖም የውሃ ጥልቀት አደጋን፣ የግፊት ክፍል ሕክምናንና የአምቡላንስ አውሮፕላንን እንደሚጨምር በጽሑፍ ያስመልሱ። ከመሄድዎ በፊት የሱቁን ቁልፍና የግብር መክፈያውን ቀን ለሚያምኑት ሰው ያስረክቡ። በተመለሱበት ማግስትም የሥራ ተራ አይያዙ።

በመጨረሻም፣ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አይርገጡት፣ አይንኩት፤ አንዳንዱም ያቃጥላል። ጀርባዎን ከፀሐይ የሚከልል እጅጌ ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ ይልበሱ።