የውቤ በረሃ ጣሪያዎችና የመብራት ኃይል መስመር

ውቤ በረሃ ላይ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ የጎደለው ውኃ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል። ያ ኃይል ግን ከጉባ ተነስቶ ፒያሳ ያለ ካፌ የቡና ማሽን ጋ እስኪደርስ ሰብስቴሽኑን፣ የ15 ኪሎ ቮልት መስመሩን፣ በመጨረሻም የሰፈሩን ትራንስፎርመር ማለፍ አለበት፤ መንገዱ የሚጠበው እዚህ ላይ ነው። «ግድብ እያለን ሶላር ምን ሊሠራልን?» ለሚሉ መልሴም ይኸው ነው፤ የጣሪያ ሶላር ቁም ነገሩ ብዛቱ ሳይሆን ቦታው ነው። ባንኩ፣ ወርቅ ቤቱና ቢሮው ቀን የሚፈጁትን ኃይል ጣሪያቸው ላይ ካመነጩት የትራንስፎርመሩ ጭነት ይቀላል። ለማታ ምጣድ ግን ያለ ባትሪ አይደርስም። ክረምት ላይ ደመናው ምርቱን ይቀንሰዋል፤ ግድቦቹ የሚሞሉትም ያኔ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ጥገና የገባ ሠራተኛ ላይ ከአንድ ጣሪያ ኃይል ቢለቀቅ፣ ያው ትራንስፎርመር በተቃራኒው ሠርቶ 380 ቮልቱን ወደ 15 ሺህ ያወጣዋል። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ኢንቨርተር መስመሩ ሲቋረጥ በ2 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ከመስመሩ ያላቅቃል። ሶላር የሚሸጡልን ሰዎች ይህን አይነግሩንም፤ ባትሪ የሌለው ባለ ሶላር፣ መብራት ሲሄድ ከጎረቤቱ እኩል ይጨልምበታል። ለደኅንነት ካሰብን፣ ከመስመሩ የሚለየው ማብሪያ (ቼንጅ ኦቨር) ሳይኖረው የተገጠመ ጄኔሬተር ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ከተማ ውስጥና አቅራቢያ አመንጭቶ ከመስመር ማገናኘት ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋዋት አለው፤ ረጲ ላይ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የቆሻሻ ማመንጫም ለ25 ሜጋዋት ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለቱም ግን የመንግሥት ናቸው። ኃይል ከግል ሕንፃ ሲገዛ ዋናው ጥያቄ ዋጋው ነው። ፓኪስታን ለጣሪያ ሶላር ጥሩ ዋጋ ከፍላ ሸክሙ ሶላር በሌላቸው ደንበኞች ላይ በመውደቁ ትልቅ ክርክር ተነስቷል፤ ይህ ስጋት እኛንም ይመለከታል። ስለዚህ ሕንፃው ያመነጨውን መጀመሪያ ራሱ ይጠቀም፤ የተረፈው በሁለት አቅጣጫ በሚቆጥር ቆጣሪ ተለክቶ ከመሸጫ ታሪፉ ባነሰ ዋጋ ይገዛ። ገደብም ያስፈልገዋል፤ እሑድ ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ፀሐይዋ ስትበረታ ኃይሉ የሚወስደው ያጣና የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ይላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ስንት ኪሎዋት ሶላር እንደሚፈቅድ መወሰን ያለበት ከዚያ ሰዓት ንባብ ተነስቶ ነው፤ የሰኞው ንባብ ያሳስተዋል።