ባሕር ተሻግሮ የሚማር ልጅና የጤና መድን

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ልጅ ልብሱንና መጻሕፍቱን ሲያሰናዳ የጤና መድንን ነገር መዘንጋት አይገባውም። መድን ማለት እንደ ዕድር ሁሉ ብዙዎች አስቀድመው ጥቂት በጥቂት አዋጥተው ችግር የደረሰበትን የሚረዱበት ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ከወሰን ማዶ አያሳክምም።

በጀርመን አገር የጤና መድኑን ያላረጋገጠ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ አይመዘገብም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ተማሪ ቪዛ ሲጠይቅ ለየዓመቱ 776 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ይህንም ከፍሎ የጥርስ ሕክምናና የመነጽር ዋጋ ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በሬ ሸጣችሁ የምትልኩት ልጅ ከመፈረሙ በፊት መድኑ የትኛውን ሕመም እንደሚያሳክም፥ ከየትኛውም ቀን እንደሚጸና ይጠይቅ። የብዙ ዘመን ጥሪት በአንድ ሌሊት ሕመም እንዳያልቅ ብልሃቱ ይህ ነው።