«ድምፅሽን ታክሲ ውስጥ ሰማሁት!»

ዛሬ የማጫውታችሁ የጎረቤቶቼን ጉዳይ ነው። ባልም ሚስትም «ጻፊው» ብለው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ግን አልጠራም። ስም ሳይጠራ ሰው እንዴት እንደሚታወቅ ደግሞ ወደታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እሷ የቤት እመቤት ናት፣ እሱ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። በዚያ ሰሞን ውኃ በፈረቃ ሆኖ የሚመጣው ሌሊት፣ ያውም ምድር ላይ ካለው ቧንቧ ብቻ ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታዲያ በኤፍ ኤም ራዲዮ አድማጮች በስልክ እየገቡ ስለ ውኃው ይወያዩ ነበርና ሴትዮዋም ደወለች። ስሟን ቀይራ «ከጀሞ ነው» አለች። እስከዚህ ምንም ክፉ የለውም። እንዲያውም አሳምራ ተናገረች። ውኃው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አንድ በአንድ ዘረዘረችው።

አዘጋጁ «ባለቤትዎ አያግዙዎትም?» አላት።

ምን ልበላችሁ! የሰባት ወር እንፋሎት በዚያች ቀዳዳ ወጣ። «እኔ እምልህ የኔ ወንድም፣ እሱ እንኳን ውኃ ሊያግዘኝ የአስቤዛ ብር ከሰጠኝ ሰባት ወሩ ነው! ታክሲ ሲነዳ ይውላል፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ አንድዬ ይወቅ። ሌላ ሴት ይኑረው አይኑረው...»

ባልየው በዚያች ሰዓት 12 ሰው ጭኖ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ይመጣል። ራዲዮው ተከፍቷል። የታክሲን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ነው። ከኋላ ወንበር አንዷ «ወንድ ሲባል አንድ ነው!» ስትል ጋቢና የተቀመጡ ሽማግሌ «ገመናዋን አደባባይ የምታወጣ ሴትስ ምን ትባላለች?» አሉ። ረዳቱ ይስቃል። ሹፌሩ «እኔ እምልህ» የምትለዋን ሲሰማ ክው አለ። ያረጋገጠለት ግን ዶሮ ነው። አዎ፣ ዶሮ! ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ያሰረው አውራ ዶሮ በስልኩ ውስጥ ጮኸ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጮህ ዶሮ ስንት አለና?

ማታ ቤት ገብቶ «ድምፅሽን ታክሲ ውስጥ ሰማሁት» አላት። ከዚያ በኋላ ለ11 ቀን አፉን አልከፈተም። ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ፤ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፣ ክርስትናም አንስቼላቸዋለሁ።

«እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ ሌላ ሴት የለኝም» አለኝ። «የሰው መኪና ገጭቼ ነው። በየሳምንቱ ዕዳ እየከፈልኩ ነው። ብነግራት ትጨነቃለች ብዬ ነው የደበቅኳት። እኔም የበኩሌን ልናገር ብዬ ራዲዮ ጣቢያው ሦስቴ ደወልኩ፣ መስመሩ ተይዟል!» ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከወሬው ልውጣ። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ከዚህ ጉዳይ ጋር ዝምድና አለው። ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ፣ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ በመስከረም 1928 ዓ.ም ሥራ የጀመረው እዚሁ ንፋስ ስልክ፣ በ1 ኪሎዋት ማሰራጫ ነበር። ያኔ ሕዝቡ ሰሚ ብቻ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም ሲመጡ የከተማው ሰው ስልክ እያነሳ ገባበት። በሸገር የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» የሰማ ያውቃል፤ እንግዳው የሕይወቱን ታሪክ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ ተረጋግቶ ነው የሚያወራው። ጀሪካን ይዞ የሚደውል ሰው ግን ያን ጊዜ የለውም። አፉ ይቀድመዋል።

የማኅበረሰብ ራዲዮ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ከመንግሥቱና ከንግዱ ራዲዮ ለይቶ ለዚህኛውም ፈቃድ እንዲሰጥ አድርጓል። እነ ጅማ ዩኒቨርሲቲና ሰቆጣ ያለው የዋግ ኽምራ ራዲዮ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ለውኃና ለመንገድ ጉዳይ እንዲህ ያለው ራዲዮ ይሻላል እላለሁ፤ ተጠያቂውም እዚያው ሰፈር ሆኖ ይሰማል። ግን አድማጩ ሁሉ ጎረቤት ነዋ! እዚያ ስም መቀየር ምን ያደርጋል?

ጥፋቱን ለማን ልስጠው? ለኔ ትልቁ የባልየው ነው። ሰባት ወር ሙሉ ዕዳ ደብቆ ሚስቱን በጥርጣሬ አሳደራት። አዘጋጁም ቢሆን ስለ ቧንቧ ተደውሎለት መኝታ ቤት መግባት አልነበረበትም። ለሷ ያልኳት አጭር ነው። «ልጄ፣ ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት ይህን ዕድር ድንኳን ውስጥ እናገረዋለሁ ወይ በይ። ስለ ቤትሽ ሲጠይቅሽ ‹የደወልኩት ስለ ውኃው ነው› ብሎ መመለስ ነውር የለውም።» እናንተም እህቶቼ ይቺን ያዙልኝ። ወንድሞቼ ደግሞ የገጫችሁትን መኪና ለሚስታችሁ ንገሩ። ከተሳፋሪ ዳኝነት የሚስት ቁጣ ይሻላል።

ታርቀዋል ማለት ይከብደኛል። ዕዳው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያፏጭ ጀሪካን ይዞ የሚወርደው ግን እሱ ነው። ታክሲው ውስጥ የስልክ ውይይት ሲጀመር ጣቢያ ይቀይራል አሉ። እሷ ባለፈው ሳምንት እንደገና ደውላ ነበር፤ ሰምቻታለሁ። ስለ ውኃው ብቻ አውርታ ዘጋች። ዶሮው ግን ጮኋል።